በኤፍ-ኒርስ ሁለቱም ሄሞግሎቢን አብረው ይጨምራሉ፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?

ከሱሉልታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጤነኛ ወጣቶችን ቱ-ባክ (አሁን የታየው ከሁለት በፊት ከታየው ጋር አንድ መሆኑን የሚለዩበት የማስታወስ ሥራ) እያሠራን ግንባራቸው ላይ በኤፍ-ኒርስ (የአንጎልን የደም ለውጥ በቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) እንለካለን። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመቶች 760 እና 850 ናኖሜትር ናቸው፤ 20 ሰከንድ ሥራ፣ 20 ሰከንድ እረፍት፣ 10 ዙር። ኦክስጅን የያዘው ሄሞግሎቢን ሲጨምር ያልያዘው በትንሹ ይቀንሳል ብለን ነበር፤ የምናየው ግን ሁለቱም ሲጨምሩ ነው። ፀጉር ያለበት ቦታ ያሉት ቻናሎች (እያንዳንዱ አንድ ብርሃን ሰጪና አንድ ተቀባይ ጥንድ ነው) ደግሞ ምንም አይረቡም። የሱሉልታ ከፍታ ይሆን?

ሲግናል፦
ከፍታው አይደለም። መሣሪያው የሚለካው ከሰውየው ከራሱ መነሻ ያለውን ለውጥ ነው፤ ሱሉልታ ላይ የጣት ኦክሲሜትር ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያሳይም የለውጡ አቅጣጫ አይገለበጥም። ብቻ ዝቅ ካለችው አዳማ በዚያው ቀን የመጣን ሰው ከነዋሪው ጋር አትቀላቅሉ።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቆዳው ነው። ብርሃኑ ሲገባም ሲወጣም ያልፍበታል፤ ሰው ሥራው ሲከብደው ግፊቱ ከፍ ሲል የግንባር ደም አብሮ ይጨምራል። የእናንተ ሶርስ (ብርሃን ሰጪው) እና ዲቴክተር (ተቀባዩ) በ3 ሴንቲሜትር ተራርቀው ከሆነ፣ በ8 ሚሊሜትር አጭር ቻናል ጨምሩ። እሱ የሚያየው ቆዳውን ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ በሪግሬሽን (የጋራ ለውጥን በሚለይ ስሌት) ከረጅሙ ቻናል ላይ አውጡት። የራስ ማሰሪያውንም እዩ፦ ሲጠብቅ የደም መመለሻውን ይጫንና ሁለቱም ቀስ እያሉ ይወጣሉ። መልስ በአፍ ሳይሆን በቁልፍ ይሁን፤ መናገር የመንጋጋ ጡንቻንም አተነፋፈስንም ያዛባል።

እረፍቱን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እያለዋወጡ ስጡ። አለበለዚያ ሰውየው ቀድሞ ይጠብቃል፤ 0.1 ኸርዝ (በ10 ሰከንድ አንድ ጊዜ) አካባቢ ያለው የደም ግፊት ሞገድም ከሥራው ጋር ሊገጥም ይችላል። ዝግተኛ ለውጦችን የሚያስቀረው የማጣሪያው ታችኛ ወሰን 0.01 ኸርዝ ይሁን። 0.03 ካደረጋችሁት የ40 ሰከንድ ዙራችሁ (0.025 ኸርዝ) ራሱ ተጠርጎ ይወጣል።

ጥቁር ጨርቅ፦
ስለ ፀጉሩ ልጨምር። ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ብርሃኑን ይውጠዋል። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ እንጨት እየከፈላችሁ የራስ ቆዳው እስኪታይ ድረስ አጽዱ፤ ሹሩባ ከተሠራች ዲቴክተሩን በሁለት ሹሩባ መሐል ባለው ስንጥቅ ላይ አሳርፉ። ቅባት ካለ በአልኮል ይጠረግ፤ መያዣው ይንሸራተታልና።

ቻናሉ እንደሠራ የምታውቁት ከማጣራት በፊት ነው፦ ጥሬው ሲግናል ላይ የልብ ምት በ1 ኸርዝ ገደማ ካልታየ ቆዳውን አልነካም፤ ያንን ቻናል ጣሉት። ደመና ሲያልፍ መስመሩ ከዘለለ ደግሞ የመስኮት ብርሃን እየገባ ነው፤ ራሱ ላይ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ አድርጉ።

ከሱሉልታ፦
አመሰግናለሁ፤ አጭር ቻናሉን እናስገባለን። ቡና ሳይጠጡ ይምጡ ማለትስ ያስፈልጋል?

ሲግናል፦
አይመከርም። ካፌይን የአንጎልን የደም ፍሰት ይቀንሳል፤ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ሲያቋርጥ ደግሞ ፍሰቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ መከልከሉም ለውጥ ነው። ልማዳቸውን አትንኩ፣ የጠጡበትን ሰዓትና የስኒውን ብዛት መዝግቡ፣ ሁሉንም በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ።