ነርስ ነበርኩ፣ ጊዜያዊ የአምቡላንስ ሥራ ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ? (ሜሪላንድ)

ሲስተር ዘሸገር፦

ሰላም ናችሁ ቤቶች። አጠር ላድርገው ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም፣ ታገሱኝ።

አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል 5 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። በዲቪ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ትራንስክሪፕቴ ከትምህርት ቤት እስኪላክ፣ ከዚያ እስኪገመገም፣ ከዚያ ኤንክሌክስ (የነርስ ፈቃድ ፈተናውን) እስክቀመጥ ድረስ ኡበር እየነዳሁ ነው። ገንዘቡ አይከፋም። ግን አምቡላንስ ሳይረኑን እያስጮኸ ባጠገቤ ሲያልፍ መኪናዬን ጥግ አስይዤ ከዓይኔ እስኪሰወር ድረስ እያየሁት እቀራለሁ፣ ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ «ይቺን ሴትዮ ምን ነካት» ሳይል አይቀርም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የግል አምቡላንስ ድርጅት «ጊዜያዊ ፓራሜዲክና ኢኤምቲ እንፈልጋለን፣ ፐር ዲየም፣ ሰዓታችሁን ራሳችሁ ምረጡ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ አየሁ። ኢኤምቲ የአምቡላንሱ የመጀመሪያ ደረጃ ባለሙያ ነው፣ ፓራሜዲክ ከሱ በላይ የሠለጠነው፣ ፐር ዲየም ደግሞ በተጠራሽበት ቀን ብቻ ሠርተሽ የሚከፈልሽ። ነርስ ስለነበርኩ በቀጥታ ለፓራሜዲክ መፈተን እችላለሁ? ካልሆነስ ኢኤምቲ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ይሄ ፐር ዲየም የሚሉት ነገር የቤት ኪራይ ይከፍላል ወይስ የኪስ ገንዘብ ነው? ባለቤቴ «ጂኤንኤሽን ያዢና እንደ ሰው ነርሲንግ ሆም ግቢ» ይለኛል (በአረጋውያን መንከባከቢያ የነርስ ረዳትነት ፈቃዱን ማለቱ ነው)። እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ግን እጄን ከመስጠቴ በፊት እናንተን ልስማ።

የሌሊት ተረኛ፦

ሲስተር እንኳን ደህና መጣሽ። እዚሁ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ) ውስጥ 6 ዓመት ኢኤምቲ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ሦስቱን በቋሚነት፣ ሦስቱን በፐር ዲየም። ማስታወቂያው ያልነገረሽን ልንገርሽ።

«ሰዓታችሁን ራሳችሁ ምረጡ» ማለት «እኛም ሰዓት ላንሰጣችሁ እንችላለን» ማለት ነው። ሺፍቱን መጀመሪያ ቋሚዎቹ ይወስዳሉ፣ ላንቺ የሚመጣው ትራፊው ነው። የሚተርፈው ደግሞ ማንም ያልፈለገው ነው። ቅዳሜ ሌሊት፣ የገና ዋዜማ፣ በረዶ የሚጥልበት ቀን። አንዳንድ ወር ከአቅምሽ በላይ ይደውሉልሻል፣ ሌላ ወር ስልክሽ ጭጭ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የጤና ኢንሹራንስ የለውም፣ የዕረፍት ክፍያም እንደዚያው። ኢንሹራንስ በባለቤትሽ ሥራ በኩል ወይ ከስቴቱ የኢንሹራንስ ገበያ ከሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን ካገኘሽ ግን ይሄኛው ያን ያህል አያሳስብሽም። ስለዚህ ኡበሩን አትተዪው፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው ስድስት ወር።

ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ። የሚከፍሉሽ በደብሊው ቱ (እንደ ተቀጣሪ) ነው ወይስ በ1099? በ1099 ከሆነ እንደ ግል ተቋራጭ ነው የሚቆጥሩሽ። ሰው ተሸክመሽ ደረጃ ስትወርጂ ወገብሽ ቢቀጭ ማን ያሳክምሻል? እኔ ብሆን አልፈርምም።

ሥራውን ደግሞ ሳይረን ናፍቀሽ ከሆነ ልታዝኚ ነው። እኛ ሰፈር የ911ን (የድንገተኛ ስልኩን) ጥሪ በዋናነት የሚመልሰው የካውንቲው ፋየር ዲፓርትመንት ነው። የግሎቹ ሥራ ማመላለስ ነው። ከሆስፒታል ነርሲንግ ሆም፣ ከነርሲንግ ሆም ዲያሊሲስ፣ ከዲያሊሲስ መልሶ። የኩላሊት እጥበት ታካሚ ሰኞ ረቡዕ ዓርብ ነው፣ ወይ ማክሰኞ ሐሙስ ቅዳሜ። የጠዋቱ የመጀመሪያ ተራ የደረሰው ሰው ካለሽ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በሩን ታንኳኪያለሽ። ከታካሚው ጋር ቤተሰብ ትሆኛለሽ። እኔ ስለ ቤዝቦል የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ አንድ የዲያሊሲስ ሽማግሌ ናቸው፣ አሁንም ጨዋታ ሳይ ትዝ ይሉኛል።

እና ሪፖርቱ። ፒሲአር ይባላል፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ትጽፊያለሽ። ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) የሚከፍለው ሰውዬው በሌላ መኪና መሄድ እንደማይችል ከታየ ነው፣ ስለዚህ «አልጋ ላይ ናቸው» ብሎ ማለፍ አይበቃም፣ በዊልቸር ቫን ለምን መሄድ እንዳልቻሉ ያየሽውን መጻፍ አለብሽ። ያየሽውን ነው ያልኩት። አንድ ድርጅት (ስሙ ይቅር) በሁለት እግሩ ሄዶ ስትሬቸሩ ላይ የተቀመጠን ሰው «መቆም አይችልም ብለህ ጻፍ» አለኝ። አልጽፍም አልኩ፣ ከዚያ በኋላ ሺፍት የሚባል ነገር ጠፋ። ያ ሜዲኬርን ማጭበርበር ነው፣ ከታች ያለው ፊርማ ደግሞ የአለቃሽ ሳይሆን ያንቺ ነው።

ባለ ስቴቶስኮፕ፦

የሌሊት ተረኛ ጨርሶታል። እኔ ቨርጂኒያ ፓራሜዲክ ነኝ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄሽን እኔ ልመልስ።

በቀጥታ አይቻልም። የኢትዮጵያ ነርስነትሽ እዚህ አገር አምቡላንስ ላይ አይቆጠርልሽም። መጀመሪያ ኢኤምቲ ነሽ፣ እሱ ከ150 እስከ 190 ሰዓት አካባቢ የሚፈጅ ኮርስ ነው፣ ከሥራ ጋር ጥቂት ወራት በይው። ከዚያ የብሔራዊው ሬጂስትሪ (ኢኤምቲዎችን የሚመዘግበው አገር አቀፍ ድርጅት) ፈተና አለ፣ በኮምፒውተር፣ ከ70 እስከ 120 ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት። ላንቺ ይዘቱ ከባድ አይሆንም። የሚጥልሽ ነገር ቢኖር ብዙ ማወቅሽ ነው! ጥያቄው «በመጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ» ሲልሽ ላብራቶሪና መድኃኒት እያሰብሽ ትሄጃለሽ፣ መልሱ ግን «ቦታው ለራስሽ አደጋ እንደሌለው አረጋግጪ» ነው።

ፓራሜዲክ ከ1200 እስከ 1800 ሰዓት ነው፣ እውቅና ባለው ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና አምቡላንስ ላይ ልምምዱን ጨምሮ። ነርስን ወደ ፓራሜዲክ የሚያሻግሩ አጫጭር ኮርሶች አሉ፣ ግን እነሱም የሚጠይቁት የዚህን አገር የአርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ፈቃድ ነው። እሱን ካገኘሽ ደግሞ ወደኋላ ምን ያስመልስሻል? የመንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ስለ 2023 ያወጣውን እዪው፣ የኢኤምቲ መካከለኛ የዓመት ገቢ (ግማሹ ሰው ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች የሚያገኘው) 38,930 ዶላር፣ የፓራሜዲክ 53,180፣ የአርኤን 86,070። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም፣ ፓራሜዲክነቴን ብወደውም።

«ጊዜያዊ ፓራሜዲክ» የሚለው ደግሞ ጀማሪን የሚመለከት አይደለም። ፓርትነርሽ ኢኤምቲ ከሆነ፣ እሱ ይነዳል፣ ከኋላ ካንቺ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ልብ ሲቆም፣ የልብ ምት ሲዛባ፣ ቱቦ ማስገባት ሲያስፈልግ ቢበዛ በስልክ ሐኪም ታማክሪያለሽ እንጂ ዞር ብለሽ የምታዪው ሲኒየር የለም። ስለዚህ ለፐር ዲየም የሚወስዱት በቋሚነት ጥቂት ዓመት የታሸውን ነው። ልምድ ካለሽ ግን ሜዳው ሰፊ ነው። የ13 ሳምንት ኮንትራት ይዘሽ ሌላ ስቴት ትሄጃለሽ፣ ስታዲየምና ማራቶን ላይ ትቆሚያለሽ። በ2020 የጸደይ ወራት ኮቪድ ኒው ዮርክን ሲያስጨንቃት ፌማ (የፌደራሉ የአደጋ መሥሪያ ቤት) 250 አምቡላንስና 500 ያህል ኢኤምቲና ፓራሜዲክ ከሌሎች ስቴቶች ሰብስቦ ልኳል፣ ሁሉም በጊዜያዊነት። እኔ አልሄድኩም፣ ባለቤቴ ወልዳ ነበር። የኔ ትልቁ ጊዜያዊ ሥራ የሐበሻ ኳስ ውድድር ላይ ድንኳን ሥር ቁጭ ብሎ ለአርባ ዓመት ተከላካዮች ቁርጭምጭሚት በረዶ ማደል ነው። አንዱም «አርፈህ ተቀመጥ» ስለው ሰምቶኝ አያውቅም።

ጉዳዩ ገብቶኛል፦

ባለቤትሽ እንዳለው አድርጊ። ጂኤንኤ ይዘሽ ነርሲንግ ሆም ብትገቢ ሰዓት እንደ ልብ ነው፣ ደብል ብትይ ማንም አይከለክልሽም። አምቡላንስ የፈረንጅ ጎረምሳ ሥራ ነው።

ሲስተር ዘሸገር፦

«የፈረንጅ ጎረምሳ ሥራ» 😂 ወንድሜ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስንት ጎረምሳ እጄ ላይ እንደተዝለፈለፈ ባየህ።

ገርጂ 907፦

ሰላም ከአዲስ። እኔ እዚህ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሺያን ነኝ፣ ደረጃ 4 ጨርሼ ሲኦሲ (የብቃት ምዘናውን) ያለፍኩ። ኮንትራት ላይ ነኝ፣ በየዓመቱ «ይታደሳል አይታደስም» እያልኩ ነው የምኖረው፣ ስለዚህ ጊዜያዊነት የአሜሪካ ብቻ አይምሰላችሁ።

ሲስተር አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እዚህ ሕመምተኛው የሚመጣው በታክሲ ነው፣ ሦስት ሰው አቅፎት። 907 ብሎ ቀይ መስቀልን መጥራት ለብዙ ሰው ሁለተኛ ሐሳቡ ነው። የግሉም ቢሆን ያው ነው። ነርሱ ክብረት አበበ ቤቱን ሸጦ ጠብታ አምቡላንስን በ2008 (በፈረንጅ) ሲጀምር ሰው እንደ እብድ ነበር ያየው ይባላል። አሁን 8035 ብሎ የሚደውል አለ። እኛ ግን ስንደርስ ገና ጎረቤቱ በሙሉ ተሰብስቦ «ውኃ አፍስሱበት» እያለ ነው፣ ግማሹ ሥራችን ሰው መበተን ነው። እዚያ መንገድ ሲለቀቅላችሁ በቪዲዮ ሳይ እቀናለሁ። መገናኛ ላይ ሳይረን አስጩኸን ሚኒባስ ጭራሽ ገብቶብን ያውቃል፣ ረዳቱ ደግሞ «ቦሌ ቦሌ» ይላል።

ትሪያጅ፦

ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ሲስተር፣ የኔ መንገድ ካንቺ ጋር አንድ ነው፣ ጎንደር ነርስ ነበርኩ፣ እዚህ ኢኤምቲ ሆኜ ሁለት ዓመት ፐር ዲየም ሠራሁ፣ አሁን አርኤን ነኝ። ማንም ያላነሳውን ላንሳ።

የሚከብደው ክፍያውም ሌሊቱም አይደለም። እጅን መሰብሰብ ነው። ኢኤምቲ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሲፒአር (ልብ ሲቆም ደረት መጫን) ይሠራል፣ ደም ያቆማል፣ ስብራት ያስራል፣ ናርካን (የኦፒዮይድ መድኃኒት ወይ ዕፅ ከመጠን በላይ ለወሰደ ሰው የሚሰጠውን)፣ አስፕሪን፣ በአፍ የሚሰጥ ስኳር፣ እንደዚህ ያሉትን። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን መርፌ) ግን አይነካም። አንድ ቀን አንዲት እናት ከነርሲንግ ሆም ስናነሳ የደም ግፊታቸው ወርዶ አገኘነው። ላባቸው ቀዝቃዛ ነው፣ ቃላቸው ይምታታል። ፓራሜዲክ ጠራን። ክንዳቸውን ይዣለሁ፣ ደም ሥራቸው ገመድ መስሎ ከጣቴ ሥር ይሄዳል፣ እኔ ጎንደር በሻማ ብርሃን ካኑላ ያስገባሁ ሰው ነኝ፣ እና ያደረግኩት ምንድን ነው? ጋደም አድርጌ በብርድ ልብስ መሸፈን፣ ኦክስጅን፣ ግፊት በየአምስት ደቂቃው። 11 ደቂቃ። ፓራሜዲኩ መጥቶ ሁለቴ ስቶ በሦስተኛው አገኘው፣ ያኔማ ጥርሴን ነክሼ ነው የቆምኩት። ሴትዮዋ ተርፈዋል። እኔ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ብሠራውስ ኖሮ? የኢኤምቲ ፈቃዴ ይሄዳል፣ ከዚያ ለነርስነት ሳመለክት ቦርዱ «ሌላ ፈቃድሽ ላይ ቅጣት ተጥሎብሽ ያውቃል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ለአንድ ካኑላ ኤንክሌክሴን ላቃጥል ነበር።

እንግዲህ ምክሬ፣ ኢኤምቲውን ያዢው፣ ግን ፐር ዲየሙን አምቡላንስ ላይ ሳይሆን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ፈልጊው። ኢአር ቴክ ይሉታል። ብዙዎቹ የሚቀበሉት ኢኤምቲ ወይ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት ፈቃድ) ያለውን ነው፣ ኢኬጂ (የልብ ምርመራ) ታነሺያለሽ፣ በብዙ ቦታ ደም ትቀጂያለሽ፣ ከሁሉ በላይ የነርሶቹ አለቃ በየሺፍቱ ታይሻለች። እኔን አርኤን ሆኜ የቀጠረችኝ እሷው ናት፣ ኢንተርቪው እንኳ በወጉ አላደረገችኝም።

ኮርሱን ደግሞ ከኪስሽ አትክፈዪ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በጎ ፈቃደኛ የሚቀበሉ ጣቢያዎች አሉ፣ ዊተን ያለውን ሬስኪው ስኳድ ጨምሮ። አባል ከሆንሽ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው የፋየርና ሬስኪው ተቋም የሚሰጠውን ኮርስ በነፃ ትወስጃለሽ። በለውጡ ግን ተረኛ ሆነሽ ማደር አለብሽ። እዚያ ደግሞ 911 ነው፣ የናፈቀሽን ሳይረን ታገኚዋለሽ።

ሲስተር ዘሸገር፦

የሻማዋን ሳነብ ሳቄም እንባዬም መጣ፣ እኛም በሞባይል ባትሪ ነበር። እሺ፣ ባለቤቴን አሳየሁትና «ኡበሩን ካልተውሽ የፈለግሽውን» አለኝ፣ ለሱ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለአንዱ ጣቢያ ኢሜይል ላኩ፣ ማክሰኞ ማታ ነይና እዪን አሉኝ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካርዴ ከአዲስ ይዤው የመጣሁት ነው፣ ይቀበሉት ይሆን? እና ጫማ ምን ዓይነት ልግዛ?

የሌሊት ተረኛ፦

ካርዱን ይዘሽ ሂጂ፣ ካልተቀበሉሽ በደም ምርመራ ያዩታል፣ ድጋሚ መወጋት ላይኖርብሽ ይችላል። የመንጃ ሪከርድሽንም አውጪ፣ የቲኬት ነገር አጥብቀው ያያሉ። ጫማ ጥቁር፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ጎኑ ላይ ዚፕ ያለው። ክር ብቻ ያለውን እንዳትገዢ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደወሉ ሲጮህ ክር ስታስሪ ጥለውሽ ይሄዳሉ። እኔን ጥለውኝ ሄደዋል።