ሠራተኛዋን በመኪና ያደረሰችው እመቤት ከማን ወገን ነበረች?

የክርክሩ መነሻ፦ በዲሴምበር 1955 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የሞንትጎመሪ፣ አላባማ ጥቁሮች፣ ባስ ላይ ከነጮች ተለይተው መቀመጣቸውን ተቃውመው በከተማው አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው አደሙ። አድማው 381 ቀን ቆየ። ከአድመኞቹ ብዙዎቹ በነጮች ቤት የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። ብዙ ነጭ እመቤቶች ደግሞ ሠራተኞቻቸውን በራሳቸው መኪና ያመላልሱ ነበር። እነዚህ ሴቶች አድማውን ደግፈዋል ይባላል?

የሳሪሱ፦ ደግፈዋል እንጂ! ሌላ ምን ያድርጉ? ሴትዮዋ በጠዋት መኪናዋን አስነስታ ጥቁሮች ሰፈር ትሄዳለች። ሠራተኛዋን ታመጣለች፣ ማታ ትመልሳለች። ከንቲባው ጌይል በጃንዋሪ 1956 «ማመላለሱንም የታክሲ መክፈሉንም አቁሙ» ቢል አልሰማ አሉት። በዚያ ዘመን ይሄ ቀላል ነው?

ጓዳ አዋቂ፦ ወይ ወንድሜ፣ ድፍረት መሆኑ ነው? ሠራተኛዋ ከቀረች እኮ ምግብ የለም፣ የታጠበ ልብስ የለም፣ ልጅ የሚይዝ የለም። ቨርጂኒያ ደር የምትባል የዚያው ከተማ ነጭ ሴት እንዳስታወሰችው፣ እመቤቶቹ «ከንቲባው ከፈለገ እሱ መጥቶ ልብሴን ይጠብልኝ፣ ያብስልልኝ» ይሉ ነበር። ነገሩ የጓዳ ጭንቀት ነው።

የሳሪሱ፦ ምክንያቷ ምንም ይሁን፣ ውጤቱን እዪው።

ታሪክ አስተማሪ፦ ውጤቱን ካየንማ ከመኪናው በፊት እንጀምር። አድማውን የጠነሰሱት ጥቁር ሴቶች ናቸው። ጆ አን ሮቢንሰን የኮሌጅ መምህርት ነበረች፤ የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት የሚባለውንም ማኅበር ትመራ ነበር። በሜይ 1954 አድማ ሊመጣ እንደሚችል ለከንቲባው በደብዳቤ አስጠነቀቀች። ባስ ላይ መቀመጫዬን ለነጭ አልለቅም ያለችው ሮዛ ፓርክስ ታስራ አድማው ከመነሳቱ ዓመት ተኩል በፊት ማለት ነው። ሮዛ የታሰረች ዕለት ደግሞ ሌሊቱን ኮሌጁ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት ስታባዛ አደረች። ብትያዝ ሥራዋን ታጣ ነበር። ባሱ ላይ የሚሆነውንም አንርሳ። ጥቁሯ ከፊት በር ገብታ ሂሳብ ትከፍላለች፣ ከዚያ ወርዳ በኋላ በር ትገባለች። አንዳንዱ ሹፌር ሳንቲሟን ተቀብሎ፣ ዞራ ሳትደርስ ጥሏት ይሄዳል።

የቤሩቷ፦ ቤሩት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ደር ሌላም ነገር ተናግራለች። አንዳንዶቹ ሠራተኞች እመቤቶቻቸውን «እኔ የለሁበትም፣ ረብሻውን ፈርቼ ነው ባስ የተውኩት» ይሏቸው ነበር። እመቤቶቹም ያመኑ ይመስላሉ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኛም ማዳም መስማት የምትፈልገውን ነው የምንነግራት። የኔዋ ክፉ አልነበረችም። ሲያመኝ ሻይ ታፈላልኝ ነበር። ፓስፖርቴን ግን መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋበታለች። ብቻ አንድ አይደለንም፤ እኔ አንድ ቀን አገሬ እገባለሁ እያልኩ እጽናና ነበር። የሞንትጎመሪዋ ግን አገሯ ያው ነው፣ የት ትሂድ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ነጭ ሴቶችን ሁሉ በጅምላ አንፍረድባቸው። ጁልየት ሞርጋን የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። አድማው በተጀመረ ሰሞን ጥቁሮቹን ከጋንዲ ተከታዮች ጋር አመሳስላ ለጋዜጣ ጻፈች። ከዚያ በኋላ በስልክ ስድብ፣ በመስኮት ድንጋይ። በ1957 ሞተች፤ ራሷን እንዳጠፋች ነው የሚነገረው። ደርና ባሏም ሮዛን ከእስር ለማስፈታት ከሄዱት ውስጥ ናቸው። ደግሞ ነጯም ሙሉ ሰው ተብላ አልተቆጠረችም። በአላባማ እስከ 1966 ሴት፣ ጥቁርም ትሁን ነጭ፣ ጁሪ (ችሎት ላይ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብሎ የሚወስን ተራ ዜጋ) ሆና መቀመጥ አትችልም ነበር።

ጓዳ አዋቂ፦ ልክ ነሽ፣ ሁለቱም ተከልክለዋል። ግን አንዷ የሌላዋን ደሞዝ ትወስናለች። የ1935ቱ የጡረታ ሕግ የቤት ሠራተኛን አላካተተም። የ1938ቱ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለልም እንደዚያው፤ እሷ ጋ የደረሰው በ1974 ነው። እስከዚያ ሕግም ዳኛም እመቤቷ ናት። የተረፈ ምግብና ያረጀ ልብስ እንደ ደሞዝ ይታሰብባት ነበር። ሞርጋንን አከብራታለሁ፤ ግን አንድ ሰው ናት። በ1957 ሊትል ሮክ በምትባል ሌላ የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ከተማ ነጭ እናቶች ማኅበር አቋቁመው የታገሉት ጥቁር ልጆች ከልጆቻችን ጋር አይማሩም ብለው ነው። እናትነትን መሣሪያ አደረጉት።

የቤሩቷ፦ ስለ ሕጉ ካነሳሽ፣ የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም የቤት ሠራተኛን ወደ ጎን ትቷታል። አሜሪካን ስንወቅስ ድምፃችንን ትንሽ ዝቅ ብናደርግ።

የሳሪሱ፦ አሁን ደግሞ እኛ ቤት ገባችሁ! ወደ ነገሩ እንመለስ። ነጭ ገንዘብም መኪናም አድማውን አልረዳም ትላላችሁ?

ታሪክ አስተማሪ፦ ረድቷል። አድማው እንዲቀጥል ያደረገው ግን እሱ ብቻ አይደለም። ጆርጂያ ጊልሞር ምግብ ቤት ውስጥ አብሳይ ነበረች። በ1956 የአድማው መሪ ማርቲን ሉተር ኪንግ በአድማው ተከሶ ሲቀርብ ችሎት ላይ መሰከረችና ከሥራ ተባረረች። ከዚያ ቤቷ ማብሰል ጀመረች። ከሌሎች ሴቶች ጋር ዶሮ፣ ሳንድዊች፣ ኬክ እየሸጡ ገቢውን አድመኞቹን ለሚያመላልሱት መኪናዎች ይሰጡ ነበር። ቡድናቸውን «ከየትም ያልመጣ ክበብ» አሉት። ገንዘቡ ከየት መጣ ተብለው ቢጠየቁ መልሱ ዝግጁ ነው፦ ከየትም። ከገዢዎቹ ውስጥ ነጮችም ነበሩበት። መለያየቱን በፍርድ ቤት ያስቆመው ክስም ላይ ከሳሾቹ አራት ጥቁር ሴቶች ናቸው። አንዷ ክላውዴት ኮልቪን፣ መቀመጫዬን አልለቅም ብላ ስትታሰር ገና 15 ዓመቷ ነበር።

የሳሪሱ፦ እሺ፣ ጀግኖቹ እነሱ ናቸው፣ ማን ካደ? እኔ ግን ንቅንቅ አልልም። ከንቲባን እምቢ ማለት እምቢ ማለት ነው።

ጓዳ አዋቂ፦ እምቢ ያለችውማ ሳህን ማጠቡን ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ 😂 የሳሪሱ፣ አንተ ቤት ሳህን ማን ነው የሚያጥበው?