ኤፍ-5ኢ ኮክፒት በሰርቪስ ቤት ውስጥ፦ ልኩን ከየት ልጀምር?

በያጁ መምህር (ቢሾፍቱ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የብረታ ብረት ሥራ አስተምራለሁ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ከሥራ መልስ የኤፍ-5ኢ ተዋጊ አውሮፕላን ኮክፒት በሙሉ ልኩ እየሠራሁ ነው። ቦታዬ ከግቢያችን ጀርባ ያለች 2.40 በ3 ሜትር የሆነች ሰርቪስ ቤት ናት። አውሮፕላኑ ርዝመቱ ከ14 ሜትር ቢያልፍም አብራሪው የሚቀመጥበት ክፍል ጠባብ ስለሆነ ቤቷ ትበቃኛለች።

ኤፍ-5ን የመረጥኩት በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ በአየር ኃይል የአውሮፕላን መለኪያዎች ቴክኒሻን ነበሩ። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የእኛ ኤፍ-5ኢዎች በኦጋዴን ሰማይ ከሶማሊያ ሚጎች ጋር ሲገጥሙ እሳቸው የ24 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ሌሊቱን መለኪያ ሲፈትሹ ያድራሉ፣ ጠዋት አውሮፕላኑን ለአብራሪው ያስረክባሉ። የጄኔራል ለገሠ ተፈራ ስም በቤታችን ሲነሣ አባቴ ከተቀመጡበት ቀና ይላሉ። በዚያ አውሮፕላን ተዋግተው፣ አውሮፕላናቸው ወድቆ ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ የታሰሩ ሰው ናቸውና። ዛሬ የአባቴ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ እንደገና እንዲቀመጡ እፈልጋለሁ፤ የምቸኩለውም ለዚህ ነው።

ከአየር ኃይል ግቢ አንዲት ቡሎን እንኳ እንዳላወጣሁ አስቀድሜ ልናገር። አባቴም አይፈቅዱም። ዕቃዬ ሁሉ ከምናለሽ ተራና ከከተማችን ብረታ ብረት ሱቆች የተገዛ ነው።

አሁን ወደ ችግሬ ልግባ። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የፊት ሰሌዳ ፎቶ አስፋፍቼ አሳተምኩ፤ በላሜራ ላይ ለጥፌ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ቆረጥኩ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ሰሌዳውን በቱቦላሬ አቋቁሜ ስቀመጥ ጉልበቴ ከታችኛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ፤ የከፍታ መለኪያው ደግሞ ደረቴ ፊት መጥቶ አንገቴን ካልደፋሁ አይታየኝም። የታችኞቹ መለኪያዎች ከላይኞቹ ማነሳቸውን ያየሁትም ያን ጊዜ ነው። የበረራ መመሪያ መጽሐፉ ላይ ያሉት ሥዕሎች ደግሞ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም እንጂ ልኩን አይናገሩም።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል የሠራ ሰው ካለ፣ ልኩን ከምን ላይ ተነሥታችሁ አገኛችሁት? ሰሌዳውስ ላሜራ ይሁን ወይስ ኤምዲኤፍ የሚባለው የታመቀ የእንጨት ጣውላ? መርፌዎቹ በእውነት እንዲንቀሳቀሱ እፈልጋለሁ፤ ግን መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ቤት ይህ ይሆናል?


ናታንያ 7

ወንድሜ፣ ዓላማህ ደስ ይላል። ግን ይህን ሁሉ ብረት ከመቁረጥ ዓይን ላይ የሚጠለቀውን የምናባዊ እውነታ መነጽር ብትገዛ አይሻልም? እኔ እሱን አድርጌ ዲሲኤስ በተባለው የበረራ ማስመሰያ ኤፍ-5ኢን አበርራለሁ። ኮክፒቱ በሙሉ ልኩ ዙሪያዬን ይከበኛል፤ ቦታ አልፈጀብኝም፣ ልክም አላስቸገረኝም።


የጋራዡ ሰው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መምህር፣ በጋራዤ ውስጥ የኤፍ-16 ኮክፒት ለመጨረስ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያንተን ሰሌዳ የመሰለ ሁለት ሰሌዳ ጥያለሁ። ስህተታችን አንድ ነው፤ ሁለታችንም የጀመርነው ከሰሌዳው ነው።

መጀመሪያ ዓይን ነው። የአውሮፕላን ንድፍ አውጪዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት የአብራሪው ዓይን የሚያርፍበትን አንድ ነጥብ በመወሰን ነው። የአፍንጫው ቁልቁለት፣ የሰሌዳው ከፍታ፣ የመስታወቱ አጥንቶች ሁሉ የሚለኩት ከዚያ ነጥብ ነው። በኤፍ-16 ላይ አብራሪው በአፍንጫው ላይ አሻግሮ 15 ዲግሪ ወደ ታች ማየት አለበት ተብሎ ተወሰነ፤ ሌላው ሁሉ ይህን ተከትሎ መጣ። የተዋጊ አውሮፕላን ወንበር ከፍና ዝቅ የሚለውም ለዚሁ ነው። አጭሩም ረጅሙም አብራሪ ዓይኑን ወደዚያው ነጥብ ያመጣል።

አንተም እንዲህ አድርግ። ሰሌዳውን አውጣና ወንበሩን ብቻ ወለሉ ላይ እሰረው። ከፍና ዝቅ እንዲል አድርገህ ሥራው፤ አባትህና አንተ ቁመታችሁ አንድ አይሆንምና። ጀርባህን አስደግፈህ ተቀመጥ። ሌላ ሰው ከጣሪያው ላይ ቱምቢ ያውርድልህ፤ ጫፉ ከዓይንህ ጠርዝ ጎን ትክክል ሲደርስ ክሩን እዚያው ይሰር። ያች ጫፍ እስከ ሥራው መጨረሻ ከቦታዋ አትነቃነቅ። የእኔ ቱምቢ አራት ዓመት ተንጠልጥሏል። ልጆቼ ሲገቡ እንዳይነኩት ቀይ ጨርቅ አስሬበት ነበር።

ቀጥሎ ካርቶን ነው። ከማቀዝቀዣ ማሸጊያ የተረፈ ወፍራም ካርቶን ፈልግና ሰሌዳውን፣ የግራና የቀኝ ጎኖቹን፣ የመስታወቱን ቅስት ሳይቀር በእሱ ሥራ። ተቀመጥበት፣ እጅህን ዘርጋ፣ እግርህን መርገጫው ላይ አድርግ። የተጋጨውን በቢላ ቁረጥ። ሦስተኛው ካርቶን ላይ ስትደርስ ጉልበትህ በነፃ ይገባል። ከዚያ በኋላ በኤምዲኤፍ ሥራው፤ 9 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ላሜራውን ለመጨረሻው የፊት ገጽ አቆየው። አጽሙን ግን በቱቦላሬ በይደው፤ በያጅ መሆንህ ሌሎቻችን ያላገኘነው ዕድል ነው።

ስለ ፎቶው ደግሞ ልንገርህ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ አውሮፕላኖች ላይ የሚገጠሙት ክብ መለኪያዎች አብዛኞቹ በሁለት መደበኛ ልክ የተሠሩ ናቸው። የትልቁ ቀዳዳ 79 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የትንሹ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአድማስ ማሳያውንና የአቅጣጫ ማሳያውን ተዋቸው፤ እነሱ የራሳቸው ልክ አላቸው። የከፍታ መለኪያውን በፎቶው ላይ ለካና 79 ሚሊ ሜትር ነው ብለህ ተነሣ፤ ሌላውን ርቀት ሁሉ ከእሱ ታገኛለህ። የጎን ሰሌዳዎቹ ላይ ደግሞ የማብሪያ ማጥፊያ ሳጥኖቹ መደበኛ ወርድ 146 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱም ሌላ ሜትር ይሆንልሃል። ግን ፎቶው ፊት ለፊት የተነሣ መሆን አለበት። ክቡ መለኪያ በፎቶው ላይ እንቁላል ከመሰለ ያ ፎቶ ለልክ አይሆንም። ያንተ ከላይ ወደ ታች የተነሣ ነበር፤ የታችኞቹ መለኪያዎች ያነሱት ለዚያ ነው።

ስለ መሪ ዘንጉም አንድ ነገር ልጨምር። የኤፍ-16 ዘንግ በቀኝ በኩል ያለ አጭር እጀታ ነው፤ የሚለካው የእጅን ግፊት ስለሆነ እምብዛም አይንቀሳቀስም። የእኔ ሥራ በዚህ ቀለለ። የኤፍ-5 ዘንግ ግን በሁለት ጉልበት መካከል ቆሞ በእውነት ይንቀሳቀሳል። መሽከርከሪያውን ከወለሉ በታች አድርገው፣ ዘንጉም ረጅም ይሁን። በአጭር ዘንግ የእጅ ትንሽ ንቅናቄ አውሮፕላኑን ያወዛውዘዋል፤ በረጅሙ ግን እጅህ ይረጋል። ወለሉን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ብትሠራው ለመያዣውም ለሽቦውም ቦታ ታገኛለህ።

ለናታንያው ወንድማችን፦ መነጽሩን አከብራለሁ፣ እኔም አለኝ። ግን በመነጽሩ ውስጥ ማብሪያውን ስትነካው እጅህ አየር ነው የሚጨብጠው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ቢ-17 አብራሪዎች መሬት ካረፉ በኋላ የክንፍ መዘርጊያውን የሚያጥፉ እየመሰላቸው ጎማውን ያጥፉ ነበር፤ አውሮፕላኑ በሆዱ ይወድቃል። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገሩን ሲመረምር ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን፣ ቅርጻቸውም አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው። አንዱ ላይ ትንሽ የጎማ ቅርጽ፣ ሌላው ላይ የክንፍ ቅርጽ እንዲደረግ አደረገ። እስከ ዛሬ የጎማ ማውረጃ እጀታ ጫፍ እንደ ጎማ ክብ የሆነው ለዚህ ነው። መምህሩ የሚሠራው ዓይናቸው ለደከመ ሰው ነው፤ እጃቸው ግን ያውቃል።


ዳሽቦርድ ጠጋኙ (ሻርጃ)

መምህር፣ እኔ የማውቀው መርፌ ነው፤ ሥራዬ የመኪና ዳሽቦርድ ጥገና ነው። ከአሮጌ ዳሽቦርድ ውስጥ ኤክስ27 የሚባለውን ትንሽ ስቴፐር ሞተር፣ ማለትም በትንንሽ እርምጃ የሚዞር ሞተር፣ ፈልግ። እስከ 315 ዲግሪ ይዞራል፤ የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ አርዱዊኖ የተባለው ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ ያለ ተጨማሪ ማጉያ ያንቀሳቅሰዋል። ለሞተር ዙር፣ ለጭስ ማውጫ ሙቀትና ለነዳጅ መለኪያ ከበቂ በላይ ነው። ለከፍታ መለኪያ ግን አይሆንም። የዚያ መርፌ በየ1,000 ጫማው አንድ ሙሉ ዙር ስለሚዞር ማቆሚያ የሌለው ስቴፐር ያስፈልገዋል፤ ዜሮውን የሚያውቅበት አነፍናፊም ግጠምለት።

ስለ መብራት መጥፋት አትጨነቅ። እነዚህ ሞተሮች ኃይል ሲቋረጥ የቆሙበትን ቦታ ይረሳሉ እንጂ አይበላሹም። ፕሮግራሙ ሲነሣ በመጀመሪያ መርፌዎቹን ሁሉ እስከ ማቆሚያቸው ወደ ኋላ እንዲመልስ፣ ከዚያ ከዜሮ እንዲጀምር አድርገው። የእውነተኛ አውሮፕላን መርፌዎች ኃይል ሲያገኙ ከእንቅልፍ እንደ ነቃ ሰው ሲንቀሳቀሱ አባትህ ያውቁታል። የሞተሮቹን 5 ቮልት ከኮምፒውተሩ አትውሰድ፤ ለብቻው ስጣቸው፣ ኔጌቲቩን ግን አገናኘው።

አርዱዊኖ ሜጋ የሚባለው ትልቁ ቦርድ 54 ዲጂታል እግሮች (ሽቦ የሚገናኝባቸው ነጥቦች) ስላሉት ብዙ ይመስላል፤ ግን ሁለቱ የጎን ሰሌዳዎች ብቻ ይጨርሱታል። ማብሪያዎቹን በ8 ረድፍና በ8 ዓምድ ብታስራቸው በ16 እግር 64 ማብሪያ ታነባለህ። በእያንዳንዱ ማብሪያ ላይ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አንድ ዳዮድ አድርግ። ካላደረግህ ሦስት ማብሪያ አብረህ ስታበራ ያልነካኸው አራተኛው የበራ ይመስላል። ከማስመሰያው ጋር የሚያገናኝልህ ዲሲኤስ-ባዮስ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው።


በያጁ መምህር (ቢሾፍቱ)

ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሦስት ሳምንት የጠፋሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ላሜራውን አነሣሁት። ወንበሩን በመኪና ወንበር ሐዲድ ላይ አቁሜ አሰርኩት፤ ቱምቢውም ከጣሪያው ወርዷል። የጋራዡ ሰው እንዳሉት በሦስተኛው ካርቶን ጉልበቴ ገባ።

የጎማ ማውረጃውን እጀታ ከቀይ ፕላስቲክ በቶርኖ አወጣሁት፤ ጫፉ ክብ፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ አምፖል ይገባበታል። በፎቶው ልክ መሠረት በግራ በኩል ካርቶኑ ላይ ሰካሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴን አስገባኋቸው። ምንም አልነገርኳቸውም። ወንበሩን ዓይናቸው ቱምቢው ጫፍ ላይ እስኪደርስ ከፍ አደረግሁት። ሁለቱን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ቆይተው ዓይናቸውን ጨፈኑና ግራ እጃቸውን ሳያመነቱ ዘረጉ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ጣቶቻቸው የተዘጋጁት ክብ ነገር ለመጨበጥ ነበር፤ ግን ካርቶኑን ነካ። ዓይናቸውን ሳይከፍቱ «ይህ እጀታ ቦታው እዚህ አይደለም፤ ወደ ፊት ነው» አሉኝ።

ጣታቸው ባረፈበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ከእጀታው 6 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ፎቶዬን መልሼ ሳየው በዚያ በኩል ያለው መለኪያ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኗል። ኤምዲኤፉን የምቆርጠው በእርሳሱ ምልክት ነው። ከእግር መርገጫው ጀምሮ የቀረውንም በሚቀጥለው ቅዳሜ በእሳቸው እጅ እለካለሁ።