«ሥጋውን ብላ፣ አጥንቱን ትፋ»

የሐዋሳው፦ እሑድ ዕለት ተጋብዞ የመጣው ነቢይ መድረካችን ላይ ቆሞ «ነቢይን የተጠራጠረ ጌታን ተጠራጥሯል» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። መጋቢያችን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ «አሜን!» ይላል። ይኸው ሰው አምና እዚያው ቦታ ላይ አንዲትን እህት አስነስቶ «በ6 ወር ውስጥ ቪዛሽን በእጅሽ አያለሁ» ብሏት ነበር። ዕቃዋን ሸጠች፣ ቤቷን ለቀቀች። ዛሬ እህቷ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው የምትተኛው። እሑድ እሷም «አሜን» አለች። ነቢይ የተናገረው ካልተፈጸመ ቃሉ የጌታ አይደለም የሚለው ዘዳግም 18፥22 ከመጽሐፍ ቅዱሳችን ላይ ተቀዶ ነው?

ተባረክ፦ ወንድሜ፣ ጌታ ይርዳህ። ነቢይም ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ዓሣ ስትበላ ምን ታደርጋለህ? ሥጋውን ትበላለህ፣ አጥንቱን ትተፋለህ። የተቀባውን ግን አትዳስስ፣ መዝሙር 105፥15። ሙሴን ያማችው ሚርያም ምን እንዳገኛት ታውቃለህ።

ቤርያዊ፦ መዝሙር 105ን ከ14 ጀምረህ አንብበው እስቲ። «ስለ እነርሱም ነገሥታትን ገሠጸ» ይላል። አብርሃምና ልጆቹ በሰው አገር ሲንከራተቱ ጉልበተኛ እንዳይጎዳቸው የተነገረ ቃል ነው። ማስጠንቀቂያው ለባለ ሥልጣን ነው። እሑድ ባለ ሥልጣኑ ማን ነበር፣ ማይክ የያዘው ወይስ ሳሎን የምትተኛዋ?

ተባረክ፦ ፊደል ይገድላል፣ መንፈስ ግን ሕይወትን ይሰጣል።

ቤርያዊ፦ እሷም ፊደል ናት፣ ጥቅስ ጠቀስክ እኮ።

የሐዋሳው፦ ዓሣውን ባታነሳው ጥሩ ነበር፣ እኔ ሐይቁ ዳር ነው ያደግሁት። አሞራ ገደል ጠዋት ሂድና ልጆቹን እያቸው። ቆሮሶ ዓሣውን ይገፍፉታል፣ በአንድ ቢላ ከጀርባው ሰንጥቀው ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ለአባ ኮዳ፣ ለዚያ ትልቅ ወፍ፣ ይወረውራሉ፤ አባ ኮዳም እንደ ዘበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ለበላተኛ የሚሰጠው የተለቀመው ነው። «ከነአጥንቱ ውሰድና አንተው ትፋ» የሚል ዓሣ ሻጭ እስካሁን አላየሁም። እናንተ ሕዝቡን ከነአጥንቱ አጉርሳችሁ ሲያንቀው «መትፋት ነበረብህ» ትላላችሁ።

ልጇ፦ የእኔም እናት የዋጠችው አጥንቱን ነው። ስኳር ከያዛት 14 ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ፍሪጁ በር ላይ፣ ኢንሱሊኗ ይቀመጥ የነበረበት ቦታ፣ የነቢይ ፎቶ የተለጠፈበት የዘይት ጠርሙስ አገኘሁ። «ተፈውሰሻል ተብያለሁ፣ መድኃኒት ብወስድ ያለማመን ነው» አለችኝ። በአራተኛው ቀን ራሷን ሳተች። ሆስፒታል 9 ቀን ተኛች። አሁን ኢንሱሊኑም ዘይቱም ጎን ለጎን በሩ ላይ አሉ። ዘይቱን ልጥለው ስል «ተወው፣ አትንካው» ትለኛለች። እኔ ጉባኤ ከሄድኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ጸሎት ስጀምር ያ ጠርሙስ ነው የሚታየኝ። ተባረክ፣ እስቲ ሥጋውን አሳየኝ።

ተባረክ፦ ለእናትህ አዝናለሁ። ግን መድኃኒት ተዉ ያላቸው አለ? እሳቸው በራሳቸው ተረድተው ይሆናል።

ልጇ፦ «ተረድተው»!

ቤርያዊ፦ ዘዴው ይኸው ነው። ከተፈጸመ ነቢዩ ተናግሮ ነበር፣ ካልተፈጸመ እናትየዋ ተሳስታ ተረድታ ነበር። ሁለቱም መንገድ ወደ ነቢዩ ይወጣል።

የተዋሕዶ ልጅ፦ ጣልቃ ልግባ። ይኼ ሁሉ የሚመጣው እንደ እኛ መጽሐፍ የሚተረጎምበት ጉባኤ ቤት ስለሌላችሁ ነው። እኛ ጋር አንዱን መጽሐፍ ከነአንድምታው፣ ከነትርጓሜው፣ ለመያዝ ዓመታት ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ መቀጸል ይጠይቃል። እናንተ ጋር ማታ ሕልም ያየ ጠዋት ነቢይ ነው።

የሐዋሳው፦ ወንድም፣ እውነት አለህ፣ ግን ቀስ በል። በየጠበሉ ቦታ «አጥማቂ ነኝ» እያለ መቁጠሪያ የሚቸበችበው ከየትኛው ጉባኤ ቤት ነው የተመረቀው?

የተዋሕዶ ልጅ፦ እሱ ከቤተ ክርስቲያን አልተላከም።

የሐዋሳው፦ እኔም የእኛው አልተላከም ነው የምለው። ሕመማችን አንድ ነው እኮ።

የተዋሕዶ ልጅ፦ አንድ አይደለም። እኛ አባት አለን።

ተባረክ፦ አየህ? መናፍቅ ሲልህ ሊውል ነው፣ አንተ ደግሞ ከሱ ጋር ሆነህ የገዛ ወገንህን ትወጋለህ። ይኼ ወንጌል በመንፈስ ኃይል ነው የሰፋው፤ እኛ ፕሮቴስታንቶች በ1976ቱ የሕዝብ ቆጠራ 5 በመቶ አካባቢ ነበርን፣ በ1999ኙ ከ18 በመቶ በላይ። በሰሚናሪ መጽሐፍ የመጣ ነው?

ቤርያዊ፦ በ1976 ማን ነበር መንግሥት? ደርግ። ያን ጊዜ ነቢይህ የሳተላይት ቻናል ነበረው? ዘይት በጠርሙስ ይሸጥ ነበር? ራስህ ባመጣኸው ቁጥር ተሸነፍክ።

አሮጊቷ፦ ልጆቼ፣ እኔ በዚያን ጊዜ ነበርኩ። ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ በየሰው ጓዳ እንሰበሰብ ነበር፤ ጫማ በር ላይ እንዳይታይ ወደ ውስጥ እናስገባለን። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ያልነበረው ዮሐንስን በደብተር በእጁ ይገለብጥ ነበር። ትንቢት አልነበረም አልልም፣ ነበር። ግን የሚመጣው ቃል «ትታሰራላችሁ፣ ጽኑ» ነበር እንጂ መኪና ይመጣል የሚል አልነበረም። የሚያስፈራው ደግሞ መፈጸሙ ነው። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሲወጡ ነው የተወሰዱት። ከአገር መውጣት ይችሉ ነበር፣ እምቢ አሉ። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ተባረክ ልጄ፣ የተቀባ ማለት ለእኔ እንዲያ ነው።

ተባረክ፦ እማማ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ዘመኑ ግን የተለየ ነው፣ የአሁኑ ዘመን የመውረስ ዘመን ነው።

አሮጊቷ፦ ማን ነው የወረሰው ልጄ? የማያቸው ሰዎች እየሸጡ ነው።

ስደተኛዋ፦ ከኩዌት ነኝ። ስታሾፉ አነበብኩ፣ እኔ ደግሞ ከሚሾፍባቸው ነኝ። የሦስት ወር ደመወዜን «ዘር ዝሪ» ተብዬ ልኬያለሁ። አዎ፣ ሞኝ በሉኝ። ግን ሌሊት 8 ሰዓት ሥራ ጨርሼ ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጬ ላይቩን ስከፍት ነቢዩ ስሜን ጠራ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም። እዚህ እመቤቴ ለእሷ የሚቀልላትን ስም አውጥታልኛለች፤ በስሜ ከተጠራሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ስሜን ከአስተያየት መስጫው ላይ አንብቦት እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ብሩ ቆጭቶኛል። ለቅሶዬ ግን የውሸት አልነበረም። ቤርያዊ፣ አንተ የመዝሙር 105ን ቁጥር 14 ታውቃለህ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የት ነበርክ?

ቤርያዊ፦ እህቴ፣ ያልሺው ትክክል ነው። ተኝቼ ነበር።

ተባረክ፦ አያችሁ፣ ሥጋው ይኼ ነው!

ልጇ፦ ሥጋው የሷ ነው እንጂ የሱ አይደለም። የሦስት ወር ደመወዝ በላ፣ አንተ አሁንም ታመሰግነዋለህ።

የሐዋሳው፦ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ አጥንቱን ለቃሚው ማን ነው? መጋቢው አሜን ይላል። በ2012 በአዋጅ የተቋቋመ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል አለን፣ እሱስ?

ቤርያዊ፦ ካውንስሉ አባሉ ያልሆነውን ምን ያድርገው? አባል የሆነውን እንኳ ተው። የእናንተን መድረክ ለእንግዳ የከፈተው የእናንተው ሽማግሌዎች ናቸው፣ ከእነሱ ጀምር።

የሐዋሳው፦ ጀምሬ ነበር። «ወንድም፣ ለጥርጣሬህ እንጸልይልህ» ብለው እጅ ጫኑብኝ።

የተዋሕዶ ልጅ፦ 😂 ይቅርታ።

ተባረክ፦ ይኼ ውይይት ለማንም አይጠቅምም። ሊጸልይ የሚፈልግ ይጸልይ።

የሐዋሳው፦ ማስታወቂያው ዛሬ ጠዋት በር ላይ ተለጥፏል። በመጪው እሑድ ይመለሳል። መግቢያ ነፃ፣ ዘይቱ 500 ብር።

ልጇ፦ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው? እናቴ ናት የምትጠይቀው።