በእንግሊዝኛ ሥነ ልሳን ዶክትሬት መሥራት ለማን ይጠቅማል? (ክርክር)

ባለጥያቄው፦ ወገኖች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ቀልድ እንዳታደርጉብኝ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሌክቸረር ነኝ፣ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ በእንግሊዝኛ ሥነ ልሳን ለዶክትሬት እስኮላርሺፕ ልወዳደር ስዘጋጅ ከርሜ ፕሮፖዛሌን ለአንድ ጓደኛዬ አሳየሁት። ገና ርዕሱን አይቶ «እንግሊዞቹ ስለ ቋንቋቸው ያልጻፉት ነገር ቀርቷል ብለህ ነው? አገርህ ከ80 በላይ ቋንቋ ይዛ ቁጭ ብላ አንተ ለባዕድ ቋንቋ ትደክማለህ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነት ብክነት ነው?

ፊደል ገበታ፦ ጓደኛህ ልክ ነው። ብሪቲሽ ናሽናል ኮርፐስ የሚባለው፣ ለጥናት የተሰበሰበ የእንግሊዝኛ ጽሑፍና ንግግር ክምችት 100 ሚሊዮን ቃል አለው፤ ያውም የቆየ ነው፣ ዛሬ ከሱ የሚበልጡ ሞልተዋል። ወደኛ ስትመጣ የእያንዳንዱ ቃል የንግግር ክፍል ተለይቶ ምልክት ከተደረገባቸው የአማርኛ ክምችቶች በስፋት የሚታወቀው ከዋልታ ዜናዎች የተሠራው ነው፤ 210 ሺህ ቃል ገደማ። አማርኛ እንዲህ ከሆነ የኦሞ ሸለቆ ቋንቋዎች እንዴት እንዳሉ ገምት። እንግሊዝኛው ላይ አራት ዓመት ብትለፋ ዓባይን በጭልፋ ነው። እዚህ ግን አንድ ያልተጻፈ ሰዋስው ብትጽፍ ስምህ ይቀራል።

ደሞዝተኛው፦ ኧረ እውነቱን እናውራ። ዶክተር ሲሆን ረዳት ፕሮፌሰር ይሆናል፣ ደሞዙም ይጨመራል። የቀረው ጌጥ ነው።

ጋሽ ጠመኔ፦ ልጄ፣ ባለጥያቄው፣ እኔ 34 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ በጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። «ባዕድ ቋንቋ» የሚባለው ነገር ያናድደኛል። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጆቻችን እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይማሩት ነበር፤ 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ፊዚክሱም ታሪኩም በሱ ነበር። አንድ ቀን 9ኛ ክፍል «ዘ ሂት ፍሎውስ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሙቀት እንደ ውኃ ይፈሳል?» አለኝ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ቃሉን በሚያውቀው መንገድ ተረጎመው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። ልጁ ፊዚክሱ ይሆን ቋንቋው የቸገረው? ይህን ለይቶ የሚነግረን እንግሊዝኛን ጠልቆ ያጠና ሰው እንጂ ማን ነው?

ፊደል ገበታ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፤ የ3.3ን ዕዳ በቋንቋ ላይ ብቻ አያሸክሙ። ፈተናው ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ፣ በጥብቅ ቁጥጥር የሚፈተንበት አዲስ አሠራር የተጀመረበት ዓመት ነው። ደግሞስ ችግሩ እንግሊዝኛው ከሆነ መድኃኒቱ በአፍ መፍቻ ማስተማር ነው፤ ለሱም የራሳችንን ቋንቋ የሚያጠና ሰው ነው የሚያስፈልገን።

ጋሽ ጠመኔ፦ ቁጥጥሩ ልክ ነህ፣ እሱን ረስቼዋለሁ። የልጁን ጥያቄ ግን አልመለስክልኝም።

ሦስተኛ ዓመቷ፦ እኔ ውስጡ ነኝ፣ በዶክትሬቱ ሦስተኛ ዓመቴ ነውና ልግባበት። ጋሽ ጠመኔ፣ ሐሳብዎ ገብቶኛል፤ ግን ደጋግሞ የሚጠናውን ይዩት፦ «የእንዲህ ያለ ስልት ተፅዕኖ በ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የማንበብ ችሎታ ላይ፣ በእከሌ ትምህርት ቤት»። መጠይቅ ይበተናል፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ይከተታል፣ «ተፅዕኖው ጉልህ ሆኖ ተገኝቷል» ይባላል፣ ቆዳ ይለብስና መደርደሪያ ይወጣል። በዚህ በዚህ ጓደኛህ እውነቱን ነው፣ ባለጥያቄው።

አሁን ግን የጻፍከውን መልሰህ አንብበው። «እስኮላርሺፕ» ብለሃል። ያቺ «እ» ከየት መጣች? እንግሊዝኛው ላይ የለችም። አማርኛ በቃል መነሻ ሁለት ተነባቢ ተደርቦ ሲመጣበት አይወድም፣ አናባቢ ያስገባል። «ስኩል» ላይ ከፊት ያስቀምጣታል። «ክላስ» ላይ ግን «እክላስ» አትልም፤ «ክ»ንና «ላ»ን ነው መሃል ላይ የሚለያያቸው። ለምን አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከመሃል? ባለፈው ተማሪዎች ሲያነቡ ቀድቼ ድምፁን ፕራት ላይ፣ ድምፅን በሥዕል በሚያሳየው ፕሮግራም፣ ከፈትኩት። «ስትሪት» ከሚለው ፊት አንዳንዱ ላይ ቀጭን ጥቁር ሰረዝ ጥርት ብላ ትታያለች፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ የለችም። ከቀዳኋቸው ውስጥ አፍ መፍቻው ኦሮምኛ የሆነው ልጅ ወደ «ኢ» ነበር የሚያዘነብለው። ይህን እንግሊዝ ያለ ሰው አያጠናልህም፤ ልጆቹ የሉትም።

ፊደል ገበታ፦ እህቴ፣ ደስ ይላል። ግን ይሄ የአማርኛና የኦሮምኛ የድምፅ ጥናት ነው፤ የእንግሊዝኛ ታርጋ ለምን ለጠፍሽበት? ፕሮፌሰር ባዬ ይማም ለንደን ዩኒቨርሲቲ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1986 ዶክትሬታቸውን የያዙት በኦሮምኛ ሐረግ መዋቅር ላይ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ «የአማርኛ ሰዋስው»ን አሳተሙልን። ለንደን ተቀምጦም የአገርን ቋንቋ ማጥናት ይቻላል።

ከሚኒሶታ፦ ልጨምር። እዚህ ዶክትሬት ላይ ነኝ፣ ጠዋት ጠዋት አንደኛ ዓመቶችን እያስተማርኩ ክፍያዬን አገኛለሁ። የመጣሁት በእንግሊዝኛ ነበር። መጀመሪያ የተማርናቸው ምሳሌዎች በሙሉ «ጆን ሜሪን ይወዳል» ነበሩ፤ የጆን ነገር ሰልችቶኛል። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ግን የመስክ ጥናት ኮርስ መጣና እኔኑ ወንበር ላይ አስቀምጠው «ሰበረ»ን አስረቡኝ፦ ሰበረ፣ ተሰበረ፣ አሰበረ፣ ሰባበረ። «አሰበረ» ላይ «ሰ» ይጠብቃል ስላቸው አንዷ ልጅ «ፊደላችሁ ታዲያ መጥበቁን ለምን አያሳይም?» ብላ ጠየቀችኝ። ዕድሜ ልኬን ሳነበው ልብ ብዬው አላውቅም። ወንድሜ ፊደል ገበታ፣ የጆንና የሜሪ መሣሪያ ባይኖረኝ «ሰበረ»ን እንዴት እንደምፈታው አላውቅም ነበር። በዚያ ግን ልክ ነህ፤ መሣሪያውን ይዞ እዚያው ጆን ዘንድ የሚቀር ብዙ ነው። እኔም ተመልሼ እንደምመጣ አልምልልህም።

ደሞዝተኛው፦ ይኸው፣ አንዱ እውነት ተናገረ።

ባለጥያቄው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፕሮፖዛሌ ርዕስ ስለ እንግሊዝኛ መስተዋድዶች ነበር፣ ከመጽሐፍ የወሰድኩት። ትቼዋለሁ። ከእኔ ክፍል አማርኛ፣ አገውኛና ጉሙዝኛ የሚናገሩ ልጆች አሉ፤ እንግሊዝኛ ሲያነቡ ልቀዳቸው አስቤያለሁ። ፊደል ገበታ፣ የታርጋውን ጉዳይ ግን ገና አልወሰንኩም፤ የሥነ ልሳን ክፍሉም ይቀበለኝ እንደሆነ ልጠይቅ ነው። ሦስተኛ ዓመቷ፣ በምን ነው የቀዳሽው? እኔ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ።

ሦስተኛ ዓመቷ፦ ስልኩ ይበቃል፣ ግን ዋቭ በሚባለው፣ ድምፁን በማይጨምቀው የፋይል ዓይነት አድርገህ ቅዳ። ኤምፒስሪ ድምፁን ስለሚጨምቀው ያቺ ቀጭን «እ» ልትደበዝዝብህ ትችላለች። መስኮቱንም ዝጋ፤ የእኔ የመጀመሪያ ቅጂ ግማሹ የባጃጅ ድምፅ ነው። ልጆቹንም ከመቅዳትህ በፊት አስፈቅድ።