ጂ+1 ቤት፦ ስላግ እና የአፈር ብሎኬት አብረው ይሄዳሉ?

ሚዛን፦ የጂ+1 መኖሪያ ቤት ንድፍ ላይ ካርቦን ለመቀነስ ሁለት ነገር ታስቧል። በሁሉም አርማታ ላይ ግማሹን ሲሚንቶ በተፈጨ ስላግ (ከብረት ማቅለጫ በሚወጣ ተረፈ ምርት) መተካት፣ ግድግዳውን ደግሞ በተጨመቀ የአፈር ብሎኬት መሥራት። የቱ ጋ ይበላሻል?

ውቅር፦ 50 በመቶው ለመሠረት እንጂ ለሶሌታ አይሁን። ስላግ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ከሥሩ የቆመው ድጋፍ በተለመደው ቀን ከተነሳ ሶሌታው ይጎብጣል። ለሶሌታና ለቢም 25–30 በመቶ ይበቃል። የመሠረቱ ጥንካሬ በ28 ሳይሆን በ56 ቀን እንዲለካ በዝርዝር መግለጫው ላይ ያስጽፉ። ይህ ካልተጻፈ አቅራቢው የ28 ቀኑን ውጤት ለማሟላት ሲሚንቶ ይጨምርና ቁጠባው ይቀራል።

ከሁሉም በፊት ግን የምሶሶዎቹን ርቀት ይዩ። በአንድ አቅጣጫ የሚሸከም፣ በሁለቱም ጫፍ ቀጣይ የሆነ ሶሌታ ውፍረቱ በግምት የሚሻገረው ርቀት 1/28 ነው፦ ለ6 ሜትር 21.5 ሴ.ሜ፣ ለ4.5 ሜትር 16 ሴ.ሜ። ሶሌታው ሲቀጥን አርማታው ስለሚቀንስ፣ ምሶሶ ቢጨመርም አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል።

ሸክላ፦ ስለ ብሎኬቱ፦ የላይኛውን ጥቁር አፈር ጥረጉ፤ የበሰበሰ ሥር ያለበት አፈር ከሲሚንቶ ጋር አይስማማም። የሸክላው መጠን 15–30 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ከበለጠ ብሎኬቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ያኔ አሸዋ መቀላቀል ወይም በሲሚንቶ ፋንታ ኖራ መጠቀም ይሻላል። ሲሚንቶ የገባበት ድብልቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጨመቅ። ብሎኬቱ ቢያንስ 7 ቀን በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይርጠብ፣ ግድግዳ ላይ የሚወጣው በ28 ቀኑ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው የሲሚንቶውን ሒሳብ ነው። 14 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ግድግዳ በካሬ ሜትር 265 ኪ.ግ ገደማ ይመዝናል። በ6 በመቶ ሲሚንቶ 16 ኪ.ግ፣ በ10 በመቶ ግን 26 ኪ.ግ ይሆናል። ውስጡ ድፍን ስለሆነ 10 በመቶ ላይ ከደረሰ ከባለ ቀዳዳው የሲሚንቶ ብሎኬት መሻሉ ያጠራጥራል።

ሚዛን፦ ስላግ ባይገኝስ?

ውቅር፦ ቀድሞውንም በዓለም ላይ ያለው ጥሩ ስላግ አብዛኛው ገዢ አለው፤ እርስዎ ሲወስዱት ሌላው ያጣል። የተቃጠለ ሸክላ ያለበት ሲሚንቶ ካገኙ እሱን ይምረጡ፦ 50 በመቶ ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ዋና ግብዓት)፣ 30 የተቃጠለ ሸክላ፣ 15 የኖራ ድንጋይ፣ 5 ጂፕሰም። ሸክላው የሚቃጠለው 700–850 ዲግሪ ላይ ነው፣ ክሊንከር ግን 1,450 ይፈልጋል። ከዚያም በላይ ከክሊንከር የሚወጣው ካርቦን 60 በመቶ ገደማው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው። ችግሩ ድብልቁ ቶሎ ይወፍራል፤ ሠራተኛው ውሃ ከጨመረበት ጥንካሬው ይወርዳል። ማቅጠኛ ኬሚካሉን ከመጀመሪያው በድብልቅ ንድፉ ውስጥ ያስገቡ።