ክርክር፦ ፈረንሳይ በክሎቪስ ጥምቀት ተወለደች ማለት ይቻላል ወይ?

አወያይ፦ ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። በ1996 በፈረንሳይ ፍራንኮች የሚባሉት የጀርመን ነገድ ንጉሥ የክሎቪስ ጥምቀት 1500ኛ ዓመት ተብሎ በዓል ተከበረ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ ጥምቀቱ ተፈጸመባት እስከምትባለው ከተማ እስከ ሬምስ ድረስ መጡ፤ መንግሥትም የመታሰቢያ ኮሚቴ አቋቋመ። አገሪቱ በ1905 ሕግ ሃይማኖትን ከመንግሥት የለየች ናትና፣ የሕዝብ ገንዘብ ለጥምቀት በዓል መዋል የለበትም ብለው አደባባይ የወጡም ነበሩ። ከ481 እስከ 511 የገዛው ይህ ሰው የፈረንሳይ መሥራች ነው? ጥምቀቱስ የአገር ልደት ሆኖ ሊከበር ይገባዋል? ማስረጃ ይዛችሁ ግቡ።

ብራና፦ መጀመሪያ ቀኑ ይጣራ። 496 የሚባለው ዓመት የተገኘው ከቱሩ ጳጳስ ከጎርጎርዮስ ነው፤ እሱ ደግሞ የጻፈው ክሎቪስ ከሞተ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሮማዊውን ገዥ ሲያግሪዩስን ያሸነፈው በነገሠ በ5ኛው ዓመት፣ የጀርመን ነገዶች የሆኑትን ቱሪንጎችን በ10ኛው፣ አላማኖችን በ15ኛው ይለናል። እየዘለለ የሚሄደው አምስት አምስት ዓመት ነው! ይህ በእጁ የቀን መዝገብ ያለው ሰው አጻጻፍ አይደለም። ንጉሡ በአላማኖቹ ጦርነት ተስሎ ተጠመቀ ስለተባለ 481 ላይ 15 ተደመረና 496 ወጣ። ነገር ግን የኦስትሮጎቱ ንጉሥ ቴዎዶሪክ ስለ አላማኖች መሸነፍ ለክሎቪስ የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ የሚያመለክተው 506 አካባቢን ነው። በዚህ የተነሳ አንዳንዱ ተመራማሪ 498 ወይም 499፣ ሌላው 508 ይላል። በዘመኑ ምስክር የጸናው ዕለቱ የጌታ ልደት በዓል መሆኑ ነው፤ ይህንንም የነገረን የቪየን ጳጳስ አቪተስ ለራሱ ለንጉሡ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ቦታውም እንደዚሁ ነው። ጎርጎርዮስ የሬምሱን ጳጳስ ሬሚግዮስን ይጠራል እንጂ ጥምቀቱ ሬምስ ተፈጸመ አይልም። ለጥምቀቱ ቅብዐ ቅዱስ ከሰማይ አመጣች የተባለችው ርግብ በስፋት የታወቀችው በ9ኛው ክፍለ ዘመን በሬምሱ ሊቀ ጳጳስ በሂንክማር በኩል ነው፤ እሱም ነገሥታትን የመቀባት መብት ለከተማው እንዲጸናለት ይሟገት ነበር።

ዘውድ፦ ወንድሜ ብራና፣ ቀኑ አሥር ዓመት ወዲያ ወዲህ ቢል ድርጊቱ አይፈርስም። በዚያን ጊዜ የምዕራብ ሮምን ምድር የተካፈሉትን ነገሥታት ተመልከት። ቪዚጎቶች በቱሉዝ፣ ቫንዳሎች በካርታጎ፣ ኦስትሮጎቶች በራቬና፣ ሁሉም አርዮሳውያን ነበሩ። አርዮስን ለዚህ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ሠለስቱ ምዕት በ325 በኒቅያ ያወገዙት እሱ ነው። ንጉሡ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሕዝቡና ጳጳሳቱ በሌላ በሚጸልዩበት ዘመን ክሎቪስ የሕዝቡን እምነት ያዘ። በ507 ቩዬ ላይ የቪዚጎቶቹን ንጉሥ ዳግማዊ አላሪክን ገድሎ ደቡብ ምዕራቡን አገር አኪቴንን ሲይዝ፣ የደቡቡ ጳጳሳት እንደ ባዕድ አልቆጠሩትም። ከዚህ ወዲያ ምን ዓይነት መሠረት ነው የምትፈልጉት?

ሰይፍ፦ መሠረት ካላችሁ ከሥሩ የተቀበሩትንም ቁጠሩ። ጎርጎርዮስ ከቩዬ ድል በኋላ ያስቀመጠውን አንብቡ። የካምብሬው ንጉሥ ራግናካር ለክሎቪስ ዘመዱ ነበር። ክሎቪስ ለራግናካር ባለሟሎች አምባርና መታጠቂያ ላከላቸውና ጌታቸውን ከዱ። እጁን የፊጥኝ አስረው ሲያቀርቡለት፣ ታስረህ ዘራችንን ከምታዋርድ ሞት ይሻልህ ነበር ብሎ በመጥረቢያ ራሱን መታው። ወንድሙንም፣ ብትረዳው ኖሮ አይታሰርም ነበር ብሎ ገደለው። በኋላ የአምባሩ ወርቅ የተለበጠ ነሐስ ሆኖ ተገኘ። ከዳተኞቹ ቢያጉረመርሙ፣ ጌታውን የሸጠ የሚገባው ወርቅ ይኸው ነው፤ ነፍሳችሁ በመትረፏ ተመስገን በሉ አላቸው። የኮሎኙ ሲጊበርትም በገዛ ልጁ ተገደለ፤ ልጁን የገፋፋው ክሎቪስ ነበር፤ ቀጥሎ ልጁንም አስገደለው። ይህ ሁሉ የተፈጸመው በተጠመቀ ሰው እጅ ነው።

ዘውድ፦ ለቀኑ ሲሆን ጎርጎርዮስ አይታመንም፤ ለግድያው ሲሆን ቃሉ ወንጌል ነው? አንዱን ምረጡ። የነሐሱ አምባር በየአዳራሹ ሲዘፈን የኖረ ተረት እንዳልሆነ ምን ዋስትና አላችሁ?

ሰይፍ፦ ሁለቱ አንድ ዓይነት ምስክርነት አይደሉም። ጎርጎርዮስ የክሎቪስ አድናቂ ነው፤ ግድያውን ተርኮ ሲያበቃ እንኳ በቅን ልብ በእግዚአብሔር ፊት ስለሄደ ጠላቶቹ ወደቁለት ይላል። የወደደውን ሰው የሚያስነቅፍ ነገር ፈጥሮ የሚጽፍበት ምክንያት የለውም። የአምባሩን ዝርዝር ተወው፤ ውጤቱን እይ። 481 ላይ የፍራንኮች ነገሥታት በየከተማው ነበሩ፤ 511 ላይ የክሎቪስ ልጆች ብቻ ቀሩ። ሌሎቹ የት ገቡ?

የሕግ ሰው፦ ሁላችሁም ጥምቀቱንና ደሙን ይዛችሁ ዋናውን ዘለላችሁ፤ እሱም አስተዳደሩ ነው። ክሎቪስ ገና አባቱን ሲተካ ሬሚግዮስ የጻፈለት ደብዳቤ አለ። በሮም ግዛት ዳግማዊት ቤልጂካ የምትባለውን አውራጃ አስተዳደር ስለተረከብህ እንኳን ደስ አለህ ይለዋል፤ ጳጳሳትን አማክር ብሎም ያስጠነቅቀዋል። ያልተጠመቀ ወጣት ነው! ጳጳሱ ያየው የሮምን አውራጃ ገዥ ነው። በ508ም ከምሥራቅ ሮም ንጉሠ ነገሥት ከአናስታስዮስ የክብር ማዕረግ ሲደርሰው በቱር ከተማ ሐምራዊ ልብስ ለብሶ፣ በፈረስ ላይ ሆኖ ወርቅና ብር በእጁ ለሕዝቡ በትኗል።

የ511ዱን የኦርሌአን ጉባኤ ደግሞ ቀርባችሁ እዩት። 32 ጳጳሳት ንጉሡ ባቀረበላቸው ጥያቄ መነሻነት ተሰብስበው 31 ቀኖና አወጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሸሸ ወንጀለኛ ጉዳት እንደማይደርስበት በመሐላ ሳይረጋገጥ ለአሳዳጁ አይሰጥም። ምእመን ያለ ንጉሡ ወይም ያለ ዳኛው ፈቃድ ክህነት አይቀበልም፤ ምክንያቱም ካህን የሆነ ሰው ለዘመቻ አይጠራም። ንጉሡ ለቤተ ክርስቲያን የሰጠው መሬት ገቢ ለሕንፃ እድሳት፣ ለካህናት፣ ለድሆችና ምርኮኛ ለመዋጀት ይውላል። የተመለሱ የአርዮሳውያን ካህናት በጳጳሱ ፈቃድ ያገለግላሉ፤ ሕንፃቸውም ዳግም ይባረካል። ከቪዚጎቶች የተነጠቀ አገር እንዴት እንደሚዋሃድ አንድ በአንድ ተሠርቶ ታያላችሁ።

ብራና፦ የጉባኤውን ክብደት እቀበላለሁ፤ ግን አንድ ሕዝብ አልተፈጠረም። የፍራንኮቹ አንድ ክፍል የሆኑትን የሳሊ ፍራንኮችን ሕግ ተመልከቱ። የነፃ ፍራንክ የደም ካሳ 200 የወርቅ ሶሊዱስ ነው፤ የባለ መሬት ሮማዊ 100። የንጉሥ ባለሟል ፍራንክ ከሆነ 600፣ ከንጉሡ ማዕድ የሚቆርስ ሮማዊ ከሆነ 300። በየደረጃው ሮማዊው ግማሽ ነው።

የሕግ ሰው፦ ግማሹ እውነት ነው። ሆኖም ይኸው ሕግ ንጉሡን የተጠጋ ሮማዊ ከተራው ፍራንክ እንዲበልጥ ያደርጋል፤ ዘር ብቻውን አይወስንም። የሕጉ አሮጌ ሥርም አይረሳ። ካሳ መክፈል ያቃተው ገዳይ ከምድር በላይም በታችም ሀብት እንደሌለው 12 ሰዎች ይምሉለታል። ከዚያ ከቤቱ ከአራቱም ማዕዘን አፈር ይዘግናል፤ ደፍ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ቤቱ መልሶ፣ በግራ እጁ በትከሻው ላይ ወደ ቅርብ ዘመዶቹ ይበትነዋል። ቀጥሎ በሸሚዝ ብቻ፣ ሳይታጠቅ፣ ባዶ እግሩን፣ ዱላ ይዞ አጥሩን ይዘላል። ዕዳው ያኔ ወደ ዘመድ ይተላለፋል። ይህን ሕግ ንጉሥ አልፈጠረውም፤ ክሎቪስ አስጽፎት ከሆነ፣ ድርሻው በላቲን ማስፈሩ ነው።

ሰይፍ፦ መሥራች የተባለውስ ሲሞት አገሩን ምን አደረገው? እንደ እርሻ ለአራት ልጆች ተከፈለ፦ ቴውዴሪክ በሬምስ፣ ክሎዶሜር በኦርሌአን፣ ቺልደበርት በፓሪስ፣ ክሎታር በሱዋሶን። ክሎዶሜር በ524 በጦርነት ሲሞት ወንድሞቹ ሁለት ሕፃናት ልጆቹን አርደው ድርሻውን ተካፈሉ። ክሎታር በ558 ብቻውን ቢነግሥም በ561 ሲሞት እንደገና ለአራት ተከፈለ።

ዘውድ፦ ክፍፍሉ ጎድቷል፤ አልክድም። አራቱ መቀመጫዎች ግን እርስ በርስ ቅርብ ናቸው፤ ሦስቱ አራተኛዋን ፓሪስን ይከብባሉ። ወንድማማቾቹ የተካፈሉት የአንድ መንግሥት ድርሻ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ባይሆንማ ክሎታር መልሶ ሊጠቀልለው ባልቻለ። ሬምስም የክሎቪስን ስም ይዛ እስከ ቻርልስ 10ኛ፣ እስከ 1825፣ ነገሥታትን ቀብታለች። በ1793 አብዮተኞቹ የቅብዐ ቅዱሱን ብልቃጥ በአደባባይ የሰባበሩት የዚህ ትዝታ ጉልበት ስለገባቸው ነው።

የሕግ ሰው፦ እሱ የሬምስ ታሪክ ነው፤ ክሎቪስ የመረጣት ከተማ ግን ፓሪስ ናት። ከቱር ተመልሶ መንግሥቱን ያጸናው እዚያ ነው፤ የተቀበረውም እሱና ንግሥት ክሎቲልድ ባሠሩት የሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ ይውጣ ከተባለ ለ511 ይውጣ። ዓመቱ የታወቀ ነው፤ የጳጳሳቱ ፊርማ አለ፤ የተወሰነውም ነገር ተጽፎ ተቀምጧል። ለ496 የሚከራከር ሰው ከጎርጎርዮስ ሌላ፣ ዓመቱን የሚጠራ አንድ የዘመኑ ሰነድ ያምጣ።